መልካሙ ሰዓትና ሰባተኛው ዙር

ሐሙስ፣ ለአዲሱ ዓመታችን ለቴት 26 ቀን ሲቀረው

የግፊት መለኪያው ቀዩን መስመር ያለፈው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ያጨበጭብ ነበር።

ከመስታወቱ ወዲያ ዳይሬክተሩ፣ ከሚኒስቴር የመጡ ሦስት እንግዶችና ሁለት ካሜራ። ከመስታወቱ ወዲህ እኔ፣ ባልደረባዬ ቶንግና የክፍላችን ኃላፊ መምህር ትሪየት፤ ሦስታችንም ከዓይናችን በቀር ነጭ በነጭ ነን። ፓምፑን ያስነሳሁት እኔ ነኝ።

ትናንት እናቴ «ለመሆኑ ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠሪ ትውያለሽ?» ብላ ጠይቃኝ እንዲህ ብዬ አስረድቻት ነበር። ለክትባቱ የሚሆነውን የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የምናሳድገው በእንቁላል ሳይሆን ከውሻ ኩላሊት በተገኘ የሕዋስ ዘር ነው። ሕዋሱ ሲፈነዳ ቫይረሱን ብቻ አይለቅም፤ የራሱንም ዲኤንኤ ይለቃል። ረጅም ነው፣ ይለጠጣል፣ እንደ ተቀቀለ ባሚያ ልጋግ አለው። ኢንዛይም እንጨምርበትና ይቆራርጠዋል። ሳይቆራረጥ ወደ ማጣሪያው አምድ ከገባ አምዱን ያንቀዋል፤ ከቫይረሱም ጋር ተጣብቆ እስከ ብልቃጡ ይሄዳል። እናቴ «የውሻ?» አለች። ከዚያ በኋላ ያልኩትን የሰማች አይመስለኝም።

ኢንዛይሙን የጨመርነው አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። አራት ሰዓት ያስፈልገዋል። ዳይሬክተሩ ግን ቀን ቆጣሪ ዘንድ ሄደው ነበር። ይህ ሰባተኛው ዙር በሰው ላይ የሚሞከረው የመጀመሪያው ምርት ነውና አምዱ መከፈት ያለበት በእባቡ ሰዓት ነው ተባሉ፤ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ።

«መምህር፣ ኢንዛይሙ ከገባ ገና አንድ ሰዓት ተኩሉ ነው» አልኩ።

«ዲየም፣ ልጄ፣ እንግዶች ቆመዋል።»

«እስከ አምስት ከአርባ ብንጠብቅ…»

«አምስት ላይ መልካሙ ሰዓት ያልፋል። ክፈቺው።»

ቶንግ በጭምብሉ ውስጥ «ቫይረሱም ቀን መቁጠሪያ ያነባል ለካ» አለ። ሳቅሁ። እየሳቅሁ ነው ፓምፑን ያስነሳሁት።

ግፊቱ ሲወጣ መምህር በጀርባዬ በኩል እጁን ዘርግቶ ፍሰቱን በግማሽ ቀነሰው። መርፌው ተመለሰ። ከመስታወቱ ወዲያ ማንም ምንም አላየም። ፎቶ ተነሳን።

ቅጹን ሞላሁ። ፈረምኩ። ቶንግም ፈረመ።


ቅዳሜ፣ 24 ቀን

አምዱ በኮስቲክ ሶዳ ሁለቴ ታጠበ። ልጋጉ አሁንም አልለቀቀም።

ፎርማሊኑ ዛሬ ገባ። ቫይረሱ ይሞታል። ከዚህ ወዲያ ወደ ኋላ የሚመለስ ነገር የለም።

ምሳ፦ የዓሣ ኑድል፣ በቁሜ። ቶንግ ስለ ሐሙስ አላነሳም። እኔም አላነሳሁም።

ስለ ቅጹ ማንም አልጠየቀኝም። ካልተጠየቅሁ ደግሞ የዋሸሁት ነገር የለም።


ማክሰኞ፣ 21 ቀን

እትዬ ኛን የጥራት ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። የሐብሐብ ፍሬ እየቆረጠሙ ነው ውጤት የሚናገሩት፤ ጥሩም ይሁን መጥፎ ከፊታቸው አይነበብም።

«ነይ እስቲ፣ አንቺ ኦሳካ የተማርሽው!» ብለው ከኮሪደሩ ጠሩኝ። «ውሻችሁ ብልቃጥ ውስጥ ይጮኻል።»

ወረቀቱን ሰጡኝ። ለአንድ ሰው መርፌ የሚፈቀደው ዲኤንኤ አሥር ናኖግራም ነው። የኛው አንድ መቶ ሠላሳ አራት።

«ምናልባት መሣሪያው…» አልኩ።

«ሦስቴ ለክቻለሁ። መሣሪያዬን ለቀቅ አድርጊልኝ። ኢንዛይሙን ስንት ሰዓት ሰጣችሁት?»

«ቅጹ ላይ አለ።»

«ቅጹንማ አንብቤዋለሁ።» መቆርጠማቸውን አቆሙ። «የጠየቅሁት አንቺን ነው።»

ስልኬ ጠራ ብዬ ወጣሁ። ስልኬ አልጠራም።

ለምን ወጣሁ? እትዬ ኛንን እኔ አልፈራቸውም። ማንንም አልፈራም። ኦሳካ ሳለሁ አንድ ፕሮፌሰር ግራፉን አሳስቶ ሲያቀርብ በሰው ፊት አርሜዋለሁ። በጣም ሥራ ስለበዛብኝ ነው የወጣሁት።

ከቴት በኋላ ክትባቱ የሚሞከርባቸው ስልሳ በጎ ፈቃደኞች ይመጣሉ። ዝርዝራቸውን አየሁት። አብዛኞቹ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ሃያ ዓመት።


ሐሙስ፣ 19 ቀን

ስብሰባ።

ዳይሬክተሩ፦ «ወደ አዲሱ ዓመት ያልተዘጋ ጉዳይ ይዘን አንገባም። ሰው ቤቱን ይጠርጋል፣ የተጣላውን ይታረቃል። እኛም ይህን ከቴት በፊት እንዘጋለን።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ስለ እባቡ ሰዓት ማንም አላነሳም። መምህር ትሪየት እስኪርቢቶውን ሲያገላብጥ ቆየና «ምናልባት» አለ፣ «ማግኒዥየሙ ተረስቶ ይሆናል።»

ኢንዛይሙ ያለ ማግኒዥየም አይሠራም። ማግኒዥየሙን የምጨምረው ደግሞ እኔ ነኝ።

«ጨምሬዋለሁ!» ድምፄ ከፍ ማለቱን አውቃለሁ። «መዝኜ ነው የጨመርኩት። ቶንግ አጠገቤ ቆሞ ነበር።»

ሁሉም ወደ ቶንግ ዞረ። ቶንግ ወደ ጠረጴዛው።

«እኔ ያን ጊዜ ቱቦ እያገናኘሁ ነበር።»

ቱቦውን ያገናኘው ከዚያ በፊት ነው። አብረን ነው ያገናኘነው። እጁን ቆንጥጦት «እናቴን!» ብሎ ጮኋል።

ከስብሰባው በኋላ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ፣ ከቁም ሣጥኖቹ ጀርባ፣ አንድ ጫማ አድርጌ አንዱን ይዤ ሳለሁ ሁለት ሴቶች ገቡ።

«ኦሳካ ድረስ ሄዳ ጨው መጨመር ትርሳ!»

«እሷ ሾርባ የሠራች ቀን ባሏን እግዜር ይርዳው።»

«ባል የት አላትና?»

ሌላኛውን ጫማዬን ጥዬው ብወጣና ብጋፈጣቸው ኖሮ። ቁጭ ብዬ እስኪወጡ ጠበቅሁ። እኔ! ቁጭ ብዬ!


ሰኞ፣ 15 ቀን

«ማይ» የምንለውን የቴት አበባ ዛፍ ቅጠል የምንሸመጥጥበት ቀን ነው። ዛሬ ካልተሸመጠጠ ለቴት አበባ አይደርስም። እኔና እናቴ ግራና ቀኝ ቆመን ሸመጠጥን።

«እማ፣ ሰው ያላጠፋውን ጥፋት ይቀበላል?»

«አጥፍተሻል?»

«አላጠፋሁም!»

«ታዲያ ምን ያስጮኽሻል? ቀስ በይ፣ እንቡጡን አብረሽ ትነቅይዋለሽ።»

አንድ ቅርንጫፍ ጨርሳ «መምህርሽ ምን ይላል?» አለች። አንድ እንቡጥ አብሬ ነቀልኩ። «እሱ ባይኖር ኦሳካን በካርታ ነበር የምታዪው። አባትሽ የሞተ ሰሞን ጠዋት ማታ ማን ነበር በራችንን የሚያንኳኳው? ምከረኝ በይው። አይጥልሽም።»

እውነቷን ነው። የድጋፍ ደብዳቤዬን በገዛ እጁ ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ ቀዶ፣ አራተኛውን ነው የላከው። «ላንቺ የሚበቃ ቃል አጣሁ» ብሎኝ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በኔ ላይ… ምናልባት እውነት መስሎት ይሆናል። ምናልባት ማግኒዥየሙን መርሳቴን ከልቡ አምኖ ይሆናል።

ግን እጁ ፍሰቱን ሲቀንስ አይቻለሁ። ለምን እንደሚቀንሰው ያውቅ ነበር።


ሐሙስ፣ 12 ቀን

መምህር ቢሮው አስጠራኝ። ሻይ ቀዳልኝ። ቀድሞ ተጽፎ ያለቀ ወረቀት አቀረበልኝ፦ «የችግሩ መንስኤ፣ ሠራተኛዋ ማግኒዥየም ባለመጨመሯ የተፈጠረ ግድፈት።» ከሥሩ ስሜ፤ ከስሜ ጎን ባዶ መስመር።

«ቅጣት የለውም» አለ። «የሦስት ቀን ሥልጠና ይጻፍብሻል፤ እሱም ለወጉ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ክፍሉን ላንቺ ማስረከብ አስቤያለሁ። እኔ አርጅቻለሁ።»

«ዙሩስ ምን ይሆናል?»

«መመሪያው የታወቀ የሠራተኛ ግድፈት ከሆነ አንድ ጊዜ መድገም ይፈቅዳል። ማግኒዥየም እንጨምራለን፣ ኢንዛይሙን እንደገና እንሰጠዋለን፣ ቁጥሩ ይወርዳል።»

ያን ጊዜ ገባኝ። የፈለጉት ስሜን ብቻ አይደለም። እውነተኛው ምክንያት ከተጻፈ ሥርዓቱ ተጥሷልና ዙሩ መደፋት አለበት። እኔ ረሳሁ ከተባለ ግን ዙሩ ያልፋል።

«መምህር፣ ፎርማሊን ገብቷል። ዲኤንኤው ከቫይረሱ ፕሮቲን ጋር ተቆላልፏል። ኢንዛይሙ አይደርስበትም፤ የእትዬ ኛን መለኪያም አያየውም። ቁጥሩ ይወርዳል እንጂ ነገሩ አይወርድም። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ሦስተኛ ዓመት እያለሁ።»

ሻዩን አየ። «ደህና አድርጌ ነበር ያስተማርኩሽ» አለ፤ ቅር ብሎት ይሁን ኮርቶ ለመለየት ተቸገርኩ።

«ሰው ይጎዳል ብዬ አላምንም» ብሎ ቀጠለ። «አሥር የሚለውን ቁጥር ያወጣው ጠንቃቃ ሰው ነው። መቶም ቢሆን ማንንም አልገደለም።»

«ታዲያ እንደዚያ ብለው ይጻፉታ!»

ከዚያ አንድ ነገር ተናገረ። እሱን እዚህ አልጽፈውም። ድምፁን እንኳ ሳያነሳ ነው የተናገረው።

ሻይዬን ሳልጠጣ ወጣሁ።


ዓርብ፣ 11 ቀን

አልፈረምኩም። «አልፈርምም»ም አላልኩም።

ቶንግ አሳንሰር ውስጥ፦ «እህቴ፣ ነገሩን አታክብጂው። ፈርመሽ ተገላገይ።»

«አንተ ቱቦህን አገናኝ» አልኩት።

ሌላ መልስ መስጠት ነበረብኝ። የተሻለ መልስ ነበረኝ፤ ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ መጣልኝ።


ማክሰኞ፣ 7 ቀን

የምድጃው አምላክ የቤቱን የዓመት ሥራ ሊናገር ወደ ሰማይ የሚወጣበት ቀን ነው ዛሬ። እናቴ አምላኩ የሚጋልባቸውን ሦስት ወርቃማ ዓሦች ገዝታ ሐይቁ ዳር ለቀቅናቸው። አንዱ ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ። በጣቷ ገፋ ብታደርገው ተነስቶ ሄደ።

ያን ሐሙስ ቢሮው ውስጥ መምህር የተናገረው ይህን ነው፦ «ቅጹ ላይ አምስት ከአርባ ብሎ የጻፈው የማን እጅ ነው፣ ልጄ?»

የኔ ነው።

የኢንዛይሙ ጊዜ ያበቃበት ሰዓት የሚጻፍበት ባዶ ቦታ አለ። ሦስት ከአሥር ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። አምስት ከአርባ ብዬ ጻፍኩ። ስድስት ዙር ሙሉ ደቂቃዋን እንኳ ሳላዛንፍ የጻፍኩ ሰው፣ በሰባተኛው ጻፍኩት። ቶንግ «እንደ መመሪያው ሙዪው፣ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚሞላው» አለኝ። መምህር ጣቱን ብቻ በባዶው ቦታ ላይ አሳረፈ። ጣት ደግሞ ፊርማ የለውም።

ስጽፈው አላመነታሁም። ለዚህ ነው ራሴን ይቅር የማልለው። አስቀድሜ ተከራክሬ ስለነበር ሕሊናዬ ንጹሕ መሰለኝ። «እኔ ነግሬያቸዋለሁ» እያልኩ ነው የጻፍኩት።

ለሦስት ሳምንት በዚህ ደብተር ላይ እንኳ ስዞረው ነበር። ማንም ላያየው።

አሁን እውነቱን ልናገር ብል የመጀመሪያዋ ውሸታም እኔ ነኝ። መምህር ይህን ያውቃል። ስለዚህ ነው ድምፁን ያላነሳው።


ዓርብ፣ 4 ቀን

የመጨረሻው የሥራ ቀን። ግማሹ ሰው ሄዷል፤ አውቶቡስ መናኸሪያው ከጠዋት ጀምሮ ግጥም ብሏል። ዳይሬክተሩም ትናንት ወደ አገራቸው ገብተዋል።

እትዬ ኛን ብቻቸውን ፍሪጅ ሲያሽጉ አገኘኋቸው።

«የሰባተኛውን ዙር መዝገብ እፈልጋለሁ።»

«ለማንበብ ወይስ ለመንካት?»

«ለማረም።»

ጓንታቸውን አወለቁ። መዝገቡን አምጥተው ዘጠነኛውን ገጽ ሳይፈልጉ ገለጡት። ያን ገጽ ስንት ጊዜ ገልጠውት ይሆን?

የእርማት ሥርዓቱን እያንዳንዱ ሠራተኛ በመጀመሪያው ሳምንት ይማረዋል። አይፋቅም፣ ቀለም አይቀባበትም። በአንድ ቀጭን መስመር ይሰረዛል፤ ስህተቱ ከመስመሩ ሥር መነበብ አለበት።

«አንቺ ልጅ፣ ልብ በይ» አሉ። «የነሱን ወረቀት ብትፈርሚ ዝንጉ ነው የምትባይው። ይህን ካረምሽ ውሸታም ትባያለሽ። ዝንጉ ሥራ ያገኛል።»

«ዝንጉ ከተባልኩ ዙሩ ያልፋል።»

«ያልፋል።»

አምስት ከአርባን ሰረዝኩ። ሦስት ከአሥር ጻፍኩ። ከጎኑ፦ «ኢንዛይሙ ሳይጨርስ አምዱ እንዲከፈት በመምህር ትሪየት ታዟል፤ ከፍቻለሁ። ቀድሞ የተጻፈው ሰዓት ሐሰት ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።» ስም፣ ቀን፣ ፊርማ። የፊርማዬ ጭራ ዛሬ የሌላ ሰው ይመስላል።

እትዬ ኛን ከሥሩ በምስክርነት ፈረሙ። ተነስተው የሰባተኛው ዙር ታንክ ላይ ቢጫውን የእገዳ ወረቀት ለጠፉበት።

«ለምንድነው እስካሁን ዝም ያሉት?» አልኳቸው። «ሰዓቱን ያውቁ ነበር።»

«ከመስታወቱ ወዲያ፣ ከካሜራዎቹ ኋላ ቆሜ እያየሁ ነበር» አሉ። «እኔም ያጨበጨብኩ ሰው ነኝ። በይ ሂጂ፤ ቴት እንዳያመልጥሽ።»


ሐሙስ፣ የቴት ሦስተኛ ቀን

የቴት ጥየቃ የመጀመሪያው ቀን ለአባት ወገን፣ ሁለተኛው ለእናት ወገን፣ ሦስተኛው ለመምህር ነው። ከቀረሁ ሰው ይጠይቃል፤ ከሄድኩ ደግሞ እሱ ይጠይቀኛል። እናቴ የዝንጅብል ከረሜላውን በቀይ ወረቀት ጠቅልላ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሄድኩ።

አሥራ ሁለት የቀድሞ ተማሪዎች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቶንግ ትንሿን ልጁን አቅፎ ጥግ ይዟል። መምህር ሻይ ይቀዳል፤ ይቀልዳል፤ የእያንዳንዱን ሰው ወላጆች በስም ይጠይቃል። ማንም እንደሱ አይጠይቅም።

ከዚያ እንደ ወጉ ለሁላችንም ገንዘብ ያለበትን ቀዩን የምርቃት ፖስታ አደለን። የኔው ወፈር ይላል። ፖስታ በሰጪው ፊት አይከፈትም፤ ነውር ነው። ከፈትኩት።

ያው ወረቀት ነው፣ አራት ላይ ታጥፏል። «ባለመጨመሯ» የሚለው ቃል ላይ ነው እጥፋቱ ያረፈው።

ሁሉም ወደኛ ዞረ።

«ዲየም፣ የሰው ፊት ነው» አለ መምህር ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ፓምፑንም ያስነሳሁት ሰው ፊት ነው፣ መምህር።»

«ቢጫውን ወረቀት አይቻለሁ። ዳይሬክተሩ ሰኞ ሳያዩት እርማትሽን ካነሳሽ…»

«አላነሳም።»

«በራስሽ ላይ ነው የመሰከርሽው። ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። እውነት ስለሆነ ነው።»

እጁን በጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ያን ጣት አየሁት። አርጅቷል፤ ይህን ከዚህ በፊት አላስተዋልኩም ነበር። «ያን ደብዳቤ ስጽፍልሽ» አለ፣ «አንድ ቀን በገዛ ቤቴ እንዲህ ትቆሚብኛለሽ ብዬ አላሰብኩም።»

ለዚህ ዝግጁ አልነበርኩም። ለቁጣው ተዘጋጅቼ ነበር። ዓይኔ ሞላ፤ እንዲያይብኝ አልፈለግሁም፤ አየ።

«ደብዳቤውን አንድም ቀን አልረሳሁትም» አልኩ። ፖስታውን በሁለት እጄ፣ ለታላቅ ሰው እንደሚሰጥ አድርጌ፣ ሻይ ማቅረቢያው ላይ አስቀመጥኩት። ሦስቴ እጅ ነስቼ ወጣሁ።

ቶንግ ልጁን እንዳቀፈ እስከ አጥሩ ተከተለኝ።

«እህቴ፣ እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ።»

«ስልሳዎቹም ሰው ነው የወለዳቸው፣ ወንድሜ።»

ልጅቷ እጇን አውለበለበችልኝ። እኔም አውለበለብኩላት።

አሁን ከሰዓት ነው፤ መንገዱ ጭር ብሏል። ሰኞ ቢሮው ሲከፈት መዝገቡ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ይሆናል። ውሸታም ብለው ይጽፉኛል። ይጻፉ፤ አንድ ጊዜ ሆኜ ነበር፣ ቀኑንና ሰዓቱንም ራሴ ሰጥቻቸዋለሁ። ሥራዬን ሊወስዱት ይችላሉ። መምህሬን ግን ዛሬ እኔው ነኝ ያጣሁት፤ እሱን ማንም አልወሰደብኝም። የሚያመኝም እሱ ነው።

ይህን ግን ከእንግዲህ አልቀበልም። ተከራክሬ ሳበቃ መታዘዝን፣ ከታዘዝኩም በኋላ «ነግሬያቸው ነበር» እያሉ መጽናናትን አልቀበልም። ሌላው የሚጠቁመውን በኔ እጅ መጻፍ አልቀበልም። የአዲስ ዓመት ንጽሕና ተብሎ ቆሻሻው በአንድ ሰው ስም ሥር እንዲጠረግ አልቀበልም። መምህሬ ላደረገልኝ ሁሉ እስክሞት አመሰግነዋለሁ፤ ውለታውን ግን በማላውቃቸው ሰዎች ክንድ አልከፍልም።